መረቡ ይውረድ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ከወሎ እስከ ባሮ እጅህን ይዤ ላመጣሁህ ለወንድሜ ልጅ ለዘገየ፤

ያለህበት አገር ሰላም ይሁን፤ የምትበላው ይስማማህ፤ የምትረግጠው አያንሸራትህ። እኔ ሚካኤል ይመስገን ደህና ነኝ። ወባዋም ዘንድሮ እንደ እንግዳ መጥታ ቶሎ ሄደችልኝ። የእጅ ጽሑፌ ጠማማ ነው ብለህ እንዳትስቅ፤ መሠረተ ትምህርት ያስተማሩን ስማችንን እንድንፈርም እንጂ ናይሮቢ ላለ ዘፋኝ እንድንጽፍ አልነበረም።

ባሮ እየጎደለ ስለሆነ ዳር ዳሩን ቲማቲምና ሽንኩርት ተክያለሁ። ማንጎው አብቧል። ኦጆትም እንደምታውቀው ነው። ከወንዝ ሲመለስ መረቡን በእኔና በእሱ መካከል ባለው አጥር ላይ ያሰጣል፤ የእሱን ግቢ ማንጎው ስለሚያጠላው ፀሐይ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን መረብ ነው። ሽታውን ስንት ዓመት ስረግመው ኖሬ አሁን ለምጄዋለሁ።

ልጁ ሬቤካ ሥራ ያዘች። ክልል አሥራ ሁለት ከተባልን ወዲህ ቢሮው ሁሉ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ እሷም ታይፕ ስለምትችል ወዲያው ተቀጠረች። በመጀመሪያ ደመወዟ ለአባቷ ቴፕ ገዛችለት። ይኼን የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሱቅ ያለው የሱፍ ያንተን ካሴት አምጥቷል። ከሕዝብ ፊት ስትጫወት የተቀዳ ነው አሉ። ኦጆት ዓሣውን ይዞ በዚያ ሲያልፍ ስሙን ሰማ። ዓሣውን እዚያው ትቶ ካሴቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ይኼ ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ እሳት የተነሣ መስሎኝ ነበር።

«አልማዜ! ዘገየ ስም የኔ ጠራ! ኦጆት አለ፣ ሕዝብ ጮኸ፣ አጨበጨበ! ስም ዘፈን ከገባ አይወጣም። እኔ እሞታለሁ፣ ስም አለ!»

በእነሱ፣ በአገሬው ተወላጆች ዘንድ የሰው ስም በዘፈን መጠራት ምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያዋን ጊታር ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የሠራልህ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር የወጠረልህ እሱ አይደለም እንዴ? የዘፈኑን መካከል የምትናገረው ግን ፈጠነበት። የእሱ አማርኛ ዓሣ ለመሸጥ የምትበቃ ናት። እሑድ ቴፑን ይዞ መጥቶ ምን እንዳልክ እንድነግረው ተቀጣጥረናል። አንተም እስቲ ጻፍልኝ፤ ምን ብለህ ነው ያነሣኸው?

ሌላ ላክልኝ የሚልህ ነገር ቢኖር የመረብ ናይለን ክር ነው። እዚህ የሚሸጠው ይበጠሳል ይላል። ከቻልክ ላክለት፤ ካልቻልክም ስሙን ስላስጠራኸው ተክሷል።

የሚያይህ ዓይን አይክፋ፤ አሳዳጊህ አልማዜ

*

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለአክስቴ ለአልማዜ፤

ጤናሽ እንደ ባሮ ይሙላ፣ ወባዋ ወደማታውቂው አገር ትሰደድልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው የምንቀመጥበት ጊዜ ጠፍቶ ነው። «የባሮ ልጆች» የሚባለው ባንዳችን አሁን በየሳምንቱ ይጫወታል። ስደተኛው ሁሉ እኛ ጋ ነው የሚመጣው፤ የቀድሞ ወታደር፣ ተማሪ፣ ነጋዴ። የምንጫወተው ሮክ ነው። አንቺ ብትሰሚው ወፍጮ ቤት ገባሁ ትያለሽ። በዘፈኖቹ መካከል ስለ አገር ጉዳይ ትንሽ እናገራለሁ፤ ሕዝቡ ይወድልኛል። አንዳንዱ ለእሱ ብሎ ነው የሚመጣው።

የሱፍ የሚሸጠው ካሴት የተሰረቀ ነው። ድምፁም የተበላሸ ነው፤ አትስሙት። ደህናውን እኔ ራሴ እልክላችኋለሁ። ኦጆትን እንደዚያ በይው።

ክሩን ገዝቻለሁ፤ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ቶሚ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር በሞያሌ በኩል ይወጣል፤ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ይደርሳል። ማንጎው አበበ ስትዪኝ አፌ ውኃ ሞላ። ያች እኔ እያለሁ የነበረችው ዶሮሽ አሁንም ትጥላለች?

ልጅሽ ዘገየ

*

ጋምቤላ፣ የካቲት 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለዘገየ፤

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ። ደህና ነኝ። ስለ ዶሮዋ ጠይቀሃል፤ ዶሮዋ ከሞተች ቆይታለች። እኔ የጠየቅኩህን ግን አልመለስክልኝም።

«አትስሙት» ያልከው ደብዳቤ ሳይደርሰኝ ሰምተነው ነበር። ኦጆት ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሳትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሬቤካ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ያ ጊታርህ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ከዚያ ያንተ ድምፅ መጣ፤ እኔ በራብ ቀን ያባበልኩት ድምፅ።

«ወገኖቼ፣ ጋምቤላ ላይ ኦጆት የሚባል ጎረቤት ነበረን። አብረን በልተናል። አገር የተገለበጠ ቀን እቃችንን ተሸክመን ስንወጣ፣ ምድጃችን ሳይቀዘቅዝ መረቡን አጥራችን ላይ ሰቀለ! ዛሬ ክልል የሚሉት ይኼንን ነው፤ በሰው አጥር ላይ መረብ መስቀል!»

ሕዝቡም «መረቡ ይውረድ! መረቡ ይውረድ!» እያለ መሬቱን በእግሩ ይደበድባል።

ዘገየ፣ የረሳህ ከሆነ ላስታውስህ። መንግሥት ሲወድቅ ከተማው ባለቤት አጣ። የሰፋሪ ቤት እየተባለ ይዘረፍ ጀመር። አንተና እኔ ወደ ጎሬ ስንሸሽ ዞር ብለን ኦጆት መረቡን ሲሰቅል አየነው። እኔም ያኔ ረግሜዋለሁ። አንተ በዚያው አገር ለቀቅህ፤ እኔ ግን ተመለስኩ። ስመለስ ኦጆት ከነሚስቱ በረንዳዬ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ ውስጥ አልገባም። መረቡን የሰቀለው የሚያልፍ ሁሉ የዓሣ አጥማጁን መረብ ስለሚያውቅ «ይኼ የኦጆት ቤት ነው» ብሎ እንዲያልፍ ነበር። ለመዝረፍ የመጡትን «ቤቱ የኔ ነው» ብሎ የዓሣ ጦሩን ይዞ መለሳቸው። በዚያ ሰበብ ከገዛ ሰዎቹ ጋር ተጣላ። በቆሎዬን ሸልቅቆ ለብቻ አስቀምጦልኝ ነበር። ዶሮዎቼ ተራብተው ቆዩኝ። ይኼን ሁሉ ያኔውኑ ጽፌልህ አንተም «እግሩን ሳሚልኝ» ብለህ መልሰህልኛል።

እና ምን ሆነህ ነው?

ዘፈኑ ሲያልቅ ኦጆት ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?» አለኝ። ሬቤካ ታየኛለች። እሷ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ጎረቤታችን ነው፣ አብረን በልተናል ይላል» አልኩት።

«ከዛስ?»

«መረብህንም አነሣ።»

«ሕዝብ ስለ መረብ አጨበጨበ?» አለና ሳቀ። መልሰሽ አጫውቺልኝ አላት ሬቤካን። እሱ ሲሰማ እኔ ወለሉን አያለሁ። በዕድሜዬ ራብም፣ ስደትም፣ ሐዘንም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን መሬት ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሴቱን ይከፍትለታል። በአጥሩ ማዶ ድምፅህን ስሰማ ወደ ወንዝ እወርዳለሁ።

ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር አድርግ።

አልማዜ

*

ናይሮቢ፣ መጋቢት 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ በጣም አስከፍቶኛል፤ ለሌባ እንደሚጻፍ ነው የጻፍሽልኝ።

መጀመሪያ ነገር ካሴቱ የተቆረጠ ነው። ቀጥዬ የተናገርኩት ነበር፤ የቀዳው ሰውዬ ነው የጣለው። ሁለተኛ፣ ያልኩት ውሸት የቱ ላይ ነው? መረቡን አልሰቀለም? ምድጃው ሙቅ አልነበረም? አንቺስ ራስሽ አምና «ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ሰፋሪ ተራሽን ጠብቂ አሉኝ» ብለሽ አልቅሰሽ አልጻፍሽልኝም? እኔ የምናገረው ላንቺ ነው። እዚህ የሚሰማኝ ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ነው። አንዱ ቤቱን፣ አንዱ ሥራውን፣ አንዱ ወንድሙን ያጣ። ስናገር ያለቅሳሉ። አሁን ደግሞ አሮጌ መረብ እየገዙ ይመጡና «ይውረድ» ስንል መድረኩ ሥር ይቀዳድዱታል። ሰው በዘፈን ቁስሉን እንዲያወጣ ማድረግ ነውር ነው?

ኦጆት ማለት ምሳሌ ነው እንጂ ሰውየው ራሱ አይደለም። መድረክ ላይ ስም ያስፈልጋል፤ ያለ ስም ነገር አይገባም። ጋምቤላ ይደርሳል ብዬ መቼ አሰብኩ?

ለእሱ ምንም አትንገሪው። ደስ ካለው ደስ ይበለው። ክሩን ቶሚ ይዞ ወጥቷል፤ ጨምሬበታለሁ። ላንቺ ነጠላ፣ ለሬቤካ ጫማ ልኬያለሁ። የሚያስፈልግሽን ሁሉ ጻፊልኝ፤ እልካለሁ።

ዘገየ

*

ጋምቤላ፣ ሰኔ 2 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለዘገየ፤

ጌታ ይጠብቅህ። ዕቃው ደርሷል። ነጠላውን አልለበስኩትም።

የየሱፍ ካሴት ተባዝቶ ተባዝቶ አሁን ከተማው ውስጥ ያልሰማው የለም። የኛ ልጆች፣ የደገኞቹ፣ ሰንበት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን የማያቸው ጎረምሶች፣ ኦጆትን ገበያ ላይ ሲያዩት «መረቡ ይውረድ!» ይሉታል። እሱ የዘፈኑን ቃል ያውቀዋል፤ መረቡ ወደ ወንዝ ይውረድ ያሉለት መስሎታል። እጁን አንሥቶ ይስቅላቸዋል። ቲማቲሜን እየሸጥኩ ይኼን በዓይኔ አየሁ። ዓይናችን ሲገጥም «ሰማሽ? ዘፈኔ!» አለኝ። ቲማቲሙን ለማን እንደሸጥኩ አላስታውስም።

በሳምንቱ ወንዝ ዳር ያሳደረው መረቡ ከላይ እስከ ታች በቢላ ተቀዶ ተገኘ። አዞ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፤ አዞ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። መጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ።

«አልማዜ፣ ልጆች ዘፈን የኔን ይወዳሉ» አለ። «እኔን ለምን ይጠላሉ?»

ምን ልበለው? «ጎረምሳ ነው፣ አእምሮ የለውም» አልኩት። ደግሞ ዋሸሁ። እዚህ የማንም ሰው ልጅ ቢሆን አስጠርቼ በሽማግሌ ፊት አሳፍረው ነበር። የማሳፍረው የኔ ልጅ ነው፤ እሱም የለም።

ሬቤካን ብቻዋን አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቃት ሞከርኩ። ቢሮዋ ድረስ ሄድኩ። ከታይፑ ቀና ሳትል «አክስት አልማዜ፣ አባቴ ስንት ዓመት ሙሉ ስለዚያ በረንዳ ለማንም አውርቶ አያውቅም። ሰው ቤት መጠበቅ ወሬ ነው ወይ ይላል። ቢያወራ ኖሮ ዛሬ ሕዝቡ ያውቅለት ነበር» አለችኝ። ደብድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ያንተ ክር ደግሞ ልክ መረቡ በተቀደደ ሰሞን ደረሰ። «ዘገየ አወቀ! ችግሬን አወቀ!» አለ። ማንጎው ሥር ተቀምጦ ቋጠሮ በቋጠሮ እየሠራው ነው። ሲያልቅ አጥራችን ላይ ያሰጣዋል። እኔም በየቀኑ አየዋለሁ።

ካሴቱ ተቆርጦ ነው ብለሃል። እኔ አሳድጌሃለሁ፤ ስትዋሽ በማን ላይ እንደምታላክክ አውቃለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በናይለን ክርም አይታሽም። ነጠላም ጫማም አትላክልኝ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በተናገርክበት ማይክ፣ በተናገርክበት ሕዝብ ፊት፣ የቀረውን ግማሽ ተናገር። ሰምቼ ለእሱ አሰማዋለሁ። እስከዚያ አትጻፍልኝ።

አልማዜ

*

ናይሮቢ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአሳደገችኝ፤

አዲሱን ዓመት በጤና ያሻግርሽ። አትጻፍልኝ ስላልሽኝ ዝም አልኩ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካሴት አለ፤ አንቺ የጠየቅሽኝ ነው። ከመስማትሽ በፊት ግን የዋሸሁሽን ላውጣው።

ማንም አልቆረጠውም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ መድረክ ላይ የነገርኳቸው ሙሉውን ነበር። «መረቡን ሰቀለ» ስል አዳራሹ ጸጥ አለ። «ቤታችንን ሊጠብቅልን ነው» ስል ግን ሰው ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ አንዱማ አስተናጋጅ ጠርቶ ቢራ አዘዘ። እኔ ስለ ኦጆት እየተናገርኩ ቢራ አዘዘ! ተናደድኩ። በሌላ ጊዜ «ሰቀለ» ካልኩ በኋላ ትንፋሽ ልወስድ ቆም አልኩ። አዳራሹ ፈነዳ። የቀረውን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከበሮ መቺው ገባበት፣ እኔም ተከተልኩት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ቆምኩ። ስለ ክልል ያልኩትም በኋላ የተጨመረ ነው። ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ እያየሁ ጨመርኩበት። ለራሴ «ውሸት አልተናገርኩም» እለዋለሁ። አክስቴ፣ ጭብጨባ እንደ ሞቀ ቤት ነው፤ ወደ ብርዱ ውጣ ቢሉት ሰው አይወጣም። ለአንቺ ነው የምናገረው ያልኩሽም ለራሴ የነገርኩት ነው።

ባለፈው ሳምንት የመጣው ሕዝብ ከወትሮው ይበዛ ነበር። መረባቸውን ይዘዋል። «ሰቀለ» ብዬ ስቆም «ይውረድ!» ብለው ተነሡ። እጄን አነሣሁና «ቆይ፣ አላለቀም» አልኩ። ስለ በረንዳው፣ ስለ ጦሩ፣ ስለ በቆሎው፣ ከገዛ ሰዎቹ ስለ መጣላቱ ተናገርኩ። «ኦጆት ቤታችንን የጠበቀ ሰው ነው፣ እኔ ስሙን የሰረቅሁ ሌባ ነኝ» አልኩ። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ፉጨት መጣ። «ስንት ከፈሉህ?» አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አንተ ውረድ! አንተ ውረድ!»። ጠርሙስ ተወረወረ፤ በካሴቱ ላይ ትሰሚዋለሽ። ወረድኩ።

ፉጨቱ አልነበረም የጎዳኝ። ሊና የምትባል ሁልጊዜ ከፊት የምትቆም ልጅ አለች። ከመድረኩ ጀርባ መጣች። «የወንድሜ ሚስት የጋምቤላ ልጅ ናት» አለችኝ። «ያንተን ካሴት ሰምቼ ከቤቴ አስወጣኋት። አሁን ምን ብዬ ልጥራት?» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች።

ባንዱ ሌላ ዘፋኝ እየፈለገ ነው። አይግረምሽ፤ እኔም ብሆን እፈልግ ነበር። ካሴቱን ለኦጆት አሰሚው። ፉጨቱን አልቆረጥኩትም።

ዘገየ

*

ጋምቤላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘገየ፤

እግዚአብሔር ከነሸክምህ ይሸከምህ። ካሴትህ ደርሷል። ብቻዬን ሰማሁትና አለቀስኩ። ደግ አደረግህ። የቀረህን ድፍረት ሁሉ ለዚያ ቀን እንዳዋልከው ገባኝ፤ ሌላ ሰው ባይነግርህ እኔ እነግርሃለሁ።

በማግሥቱ ኦጆትን ጠራሁት። «ዘገየ ላንተ ብሎ ካሴት ላከ» አልኩት። ያችኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሬቤካም ቴፑን ከነድሮው ካሴት ይዛ መጣች። እኔ በልቤ፣ አሁን ይለቅልኛል፣ ዛሬ ቀና ብዬ አየዋለሁ እያልኩ ነበር። እይ እንግዲህ።

ያንተ ድምፅ መጣ፤ ስሙን ጠራህ፤ ኦጆት ፈገግ አለ። ብዙ ተናገርክ። እሱ በአውራ ጣቱ ጉልበቱን እየመታ ይጠብቃል፤ ጭብጨባውን ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ፉጨቱ መጣ። ጩኸቱ መጣ። «ውረድ» የሚለውን ያውቀዋል። ጠርሙሱ ሲሰበር ደንገጥ ብሎ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ። ሲያልቅ ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«አልማዜ፣ የመጀመሪያው ጥሩ ነበረ» አለኝ። «ስሜን ሲሰማ ሕዝብ አጨበጨበ። አሁን ስሜን ሲሰማ ሰደበ። ዘገየ ምን ክፉ አለ ስለ እኔ?»

ዘገየ፣ ይኼን አንተም እኔም አላሰብነውም። ያ ሰው ያለው ጆሮ ብቻ ነበር። ያኔ ሲያጨበጭቡለት ሰማ፤ ዛሬ ሲያፏጩበት ሰማ። የትኛውን እንደወደደው ግልጽ ነው። ዝም ብዬ «ሰካራሞች ናቸው፣ ተወው» ብዬው ቢሆን ኖሮ ያችን የድሮዋን ካሴት እያጫወተ በደስታ ይኖር ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሬቤካን አየኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለካ እሷም ስንት ወር ሙሉ ለአባቷ ደስታ ብላ ያንን እሳት ብቻዋን ስትውጠው ነው የከረመችው።

ነገርኩት። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። እኔ የዋሸሁትንም፣ ጎረምሶቹ ለምን መረቡን እንደቀደዱትም። የእኔ አማርኛ ሲከብደው ሬቤካ በቋንቋቸው ትደግምለታለች። የራሷን አባት ስድብ ለራሷ አባት ስትተረጉም ማየት ምን እንደሆነ እግዚአብሔር ለማንም አያሳየው።

ሰምቶ ሲጨርስ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ያኔ ያጨበጨቡት፣ ሌባ ሲለኝ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

«አሁን የጮኹት፣ ሌባ አይደለም ሲለኝ ነው?»

«አዎ።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሬቤካና እሱ አነሡኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ሸሚዙን እያስተካከለ ተነሣ። «ስም ዘፈን ከገባ አይወጣም» አለኝ። ያንኑ ያኔ በሩጫ መጥቶ የነገረኝን ቃል ነው። «ሁለቱም ይኖራሉ፣ አልማዜ። የሚያጨበጭቡለትን ግን ሰው ይገዛል።» ሁለቱንም ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ወጣ።

እውነቱን ነው። ለየሱፍ ያንተን ሁለተኛ ካሴት ሽጥልኝ ብዬ ወሰድኩለት። ትንሽ ሰማና «እማማ አልማዜ፣ ይኼ እኮ ጩኸት ነው፣ ማን ይገዛዋል?» አለኝ። የመጀመሪያው ግን ዛሬም ደጁ ላይ ይጮኻል።

በማግሥቱ ጠዋት በሬን ስከፍት አጥሩ ባዶ ነበር። ባንተ ክር የሠራው መረብ በደንብ ተጠቅልሎ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። እሱ ያችን የተቀደደችውን ጠቃቅሞ ወንዝ ወርዷል፤ አሁን የሚያሰጣትም እዚያው ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ነው። ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ዓሣም አልፎ አልፎ በሬቤካ ይልክልኛል። ወደ አጥሩ ግን አይመጣም።

ያ ሕዝብህ የለመነው ደረሰለት። መረቡ ወረደ።

አሁን ቤቴ ውስጥ ነው። አልጋዬ ሥር ባደርገው እንቅልፍ ነሣኝ፤ ውጭ ባወጣው ሰው ያየዋል። ልመልስለት ሁለት ጊዜ ተሸክሜው እስከ በሩ ሄጄ እግሬ እምቢ አለኝ። ይኼ በፖስታ የሚላክ፣ በሾፌር የሚደርስ፣ በማይክ የሚነገር ነገር አይደለም። እኔም ካሁን በኋላ ያንተን ቃል ለእሱ፣ የእሱን ቃል ላንተ አላቀብልም።

ባሮ ሳይሞላ መንገዱ ደህና ነው። መረብህ እዚህ ነው። ና አንተው ተሸክመህ ውሰድለት።

አልማዜ